በሞንትጎመሪ ካውንቲ ልጅን ትምህርት ቤት ስለማስገባት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዚህ ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ውስጥ፣ ወንበሩን ለቆ ወደ አሜሪካ የሄደ ባልደረባ የሌለው የመሥሪያ ቤት ክፍል ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ በዲቪ ዕጣ፣ ሌላው ቀድሞ በሄደ ወንድም ወይም እኅት አማካይነት፣ ሌላውም ለትምህርት ሄዶ በዚያው ቀርቶ ነው። ከእነዚህም መካከል እጅግ ብዙዎቹ የሰፈሩት ከአገሪቱ ዋና ከተማ ከዋሽንግተን ጋር በምትዋሰነው፣ በሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ባለችው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ካውንቲ የሚሉትን እኛ አውራጃ ብንለው ከነገሩ ብዙ አንርቅም። በ2020 በተደረገው ቈጠራ ነዋሪዋ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ የወገኖቻችንም ቍጥር ከመብዛቱ የተነሣ የትምህርት አስተዳደሩ ለወላጆች ጽሑፍ ከሚያዘጋጅባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኗል። በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ራሳችሁ የምትሄዱ ባትሆኑ እንኳ፣ የሚሄድ ወንድም ወይም የእኅት ልጅ ሲያማክራችሁ የምትመልሱት እንዳይጠፋችሁ፣ በዚያች ካውንቲ ልጅን ትምህርት ቤት የማስገባትን ጉዳይ ዛሬ ላጫውታችሁ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። እኔ 22 ዓመት በመዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ማስረጃ የሌለው ጉዳይ ጉዳይ አይባልም እያልሁ ስንቱን ባለጉዳይ መልሻለሁ። ዳሩ ግን ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ወደዚያ ስሄድ፣ ለዘመድ የሚሆነውን በርበሬና ሽሮ በኪሎ እየመዘንሁ ሳሽግ፣ የ17 ዓመቱን የበኵር ልጄን የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል የውጤት ማስረጃ አዲስ አበባ ትቼ ሄድሁ። የዚህን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ በዚያ አገር ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት የሚወስነው የምትከራዩት ቤት ነው። በአዲስ አበባ እንደለመድነው ስሙ የተጠራ ትምህርት ቤት መርጦ፣ ርእሰ መምህሩን የሚያውቅ ሰው አፈላልጎ፣ ከዚያም ልጁን ከከተማው ዳር እስከ ዳር ማመላለስ የለም። ካውንቲዋ ከ200 በላይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሏት። እያንዳንዱ ቤት በመንገዱ ስምና በቍጥሩ እየታየ ለአንድ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ለአንድ መካከለኛና ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቧል። የመጀመሪያ ደረጃው ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 5ኛ፣ መካከለኛው ከ6ኛ እስከ 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ለትምህርቱ ክፍያ አይጠየቅበትም።

እንግዳ ሰው በዚህ ላይ ይሳሳታል። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ፣ የራሱ ከንቲባና የራሱ ማዘጋጃ ቤት ያለው ከተማ አይደለም። ፖስታ ቤት ሰፊውን አካባቢ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራዋል። ስለዚህ «የአጎቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ እኔም እዚያው ስለምከራይ ልጆቻችን አብረው ይማራሉ» የሚለው ስሌት አይሠራም። የአንዱ ልጅ ሞንትጎመሪ ብሌር ወደሚባለው፣ የሌላው ስፕሪንግብሩክ፣ የሦስተኛው አልበርት አይንስታይን ወደተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊመደብ ይችላል። ይባስ ብሎም በዚሁ የፖስታ ስም የሚጠሩ አንዳንድ ቤቶች ከወሰን ማዶ፣ በጎረቤቲቱ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ይገኛሉ፤ የዚያችኛዋ የትምህርት አስተዳደር ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ዋሽንግተንም እንዲሁ የራሷ ደንብ አላት፤ በዚያ 3 ዓመት የሞላው ሕፃን ሳይቀር በመንግሥት ወጪ ሊማር ይችላል፤ ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ውጭ የሚፈልግ ወላጅም በዕጣ ይሞክራል። እንግዲህ የኪራይ ውል ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የቤቱን ትክክለኛ አድራሻ ለትምህርት አስተዳደሩ አቅርባችሁ የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ጠይቁ። የአከራዩን ቃል ብቻ አትመኑ፤ አከራይ ቤቱን ማከራየት ነው የሚፈልገው።

ብዙ ጊዜ ግን አዲስ ገቢ በስሙ የተጻፈ ውል የለውም፤ ከዘመድ ቤት ያርፋል። ለዚህም መላ አለው። ልጅ ለማስገባት ባለቤት የሆነ ሰው የንብረት ግብሩን ደረሰኝ፣ ተከራይ የሆነ ሰው የኪራይ ውሉን፣ እንደ ሁኔታውም የመብራት ወይም የመሳሰለውን ሒሳብ ያቀርባል። ከዘመድ ጋር የሚኖር ደግሞ አስተናጋጁም እንግዳውም በውል አረጋጋጭ ፊት የሚፈርሙበት ቅጽ አለ። ይህን ለዘመዳችሁ ከአዲስ አበባ ሳትነሡ ንገሩት። አስተናጋጅ የሆነ ሰው እራትና መኝታ ለመስጠት አያመነታም፤ መንግሥታዊ ወረቀት ላይ ፈርም ሲባል ግን ከአከራዩ ጋር ያጣላኝ ይሆን ብሎ የሚፈራ አለ። ከቤት የወጣ፣ ወይም በችግር ምክንያት ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ቤተ ሰብም ቢሆን በ1987 የወጣ የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ስላለ፣ ልጁ ወረቀቱ እስኪሟላ ድረስ ከትምህርት ገበታ ሊታገድ አይችልም።

ከውጭ አገር የመጣ ተማሪ በመጀመሪያ የሚቀርበው የካውንቲዋ መቀመጫ በሆነችው በሮክቪል ወዳለው የውጭ አገር ተማሪዎች መቀበያ ክፍል ነው። እዚያም የልጁ ፓስፖርት ወይም የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጁ መታወቂያ፣ የአድራሻው ማስረጃ፣ የክትባት ካርድና የቀድሞው ትምህርት ቤት ውጤት ይጠየቃል። ክትባቱ ያልተሟላ እንደሆነ፣ በ20 ቀን ውስጥ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ መያዙን የሚያሳይ ወረቀት ያቀረበ ልጅ ለጊዜው ይገባል። የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ጉዳይ ግን አይጠይቋችሁም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ፍርድ፣ ማንኛውም ልጅ የቤተ ሰቡ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ ምንም ቢሆን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አይከለከልም። ይህን የማነሣው፣ የፈቃዱ ጊዜ ያለፈበት ወላጅ ፈርቶ ልጁን ለወራት ቤት ሲያስቀምጥ ስላየሁ ነው።

ስለ ልደት ቀን አንድ ጥንቃቄ ላክል። በዚያች ግዛት ልጅ መዋዕለ ሕፃናት የሚገባው እስከ ሴፕቴምበር 1 ቀን ድረስ 5 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ይህም በእኛ ነሐሴ 26 ቀን ይውላል። የእኔ ታናሺቱ የተወለደችው ነሐሴ 28 ቀን ነውና በሁለት ቀን ምክንያት ዓመት ልትጠብቅ ሆነ። ቀኑ ካለፈ በኋላ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ለተወለዱት ሕፃናት ፈተና ተሰጥቷቸው አስቀድመው የሚገቡበት መንገድ መኖሩን የሰማሁት ማመልከቻው ከተዘጋ በኋላ ነበር። የ4 ዓመት ሕፃናት የሚማሩበት ክፍልም አለ፤ በዚህ ቅድሚያ የሚያገኙት ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተ ሰቦች ስለሆኑ፣ አዲስ ገቢ ወላጅ ሳያፍር ያመልክት። ደግሞም የልደቱን ቀን ከእኛ አቈጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ስታስለውጡ ደጋግማችሁ መርምሩ። እኛ መሥሪያ ቤት «በግምት» የምንለው ቀን በዚያ አገር ልጁን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

አሁን ወደ በኵር ልጄ ልመለስ። እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ተማሪ የሚመደበው በዕድሜው ስለሆነ ብዙ ጭንቀት የለም። ከ9ኛ ክፍል ወዲያ ግን ደረጃው የሚወሰነው በዕድሜ ሳይሆን አልፎ በጨረሳቸው የትምህርት ዓይነቶች ቍጥር ነው። እያንዳንዱን የዓመት ትምህርት «ክሬዲት» ብለው ይቈጥሩታል፤ ግዛቲቱም ዲፕሎማ ለመስጠት ቢያንስ 21 ክሬዲት ትጠይቃለች። ልጄ 11ኛ ክፍልን ጨርሶ ነበር የሄደው። ማስረጃ ስላልነበረው ግን ባዶ እንደሆነ ተቈጥሮ ከ14 ዓመት ልጆች ጋር 9ኛ ክፍል ተቀመጠ። ጢሙ ያቀነቀነ ልጅ ነው። ማታ ማታ ከእኔ ጋር ራት መብላት ትቶ ነበር፤ እናቱ ሳህኑን ወደ ክፍሉ ትወስድለታለች። ከአዲስ አበባ ማኅተም ያረፈበትና የተፈረመበት ውጤት ተልኮ እስኪደርስና እስኪመረመር ድረስ ሁለት ወር ተኩል አለፈ። ከዚያ በኋላ 11ኛ ክፍል አደረጉት። ይህን ጊዜ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ልያዝ ብሎኝ እንደነበር የነገረኝ ከተመረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የ9ኛና ከዚያ በላይ ክፍሎችን ውጤት፣ በየዓመቱ የተለየ ሆኖ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወይም ተተርጕሞ፣ ሁለት ሁለት ቅጂ ያዙ። በእጅ ሻንጣችሁም ያዙት እንጂ ከበርበሬው ጋር አታሽጉት።

ዕድሜው ገፋ ብላችሁም ተስፋ አትቍረጡ። በሜሪላንድ እስከ 18 ዓመት ድረስ መማር ግዴታ ነው፤ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ደግሞ በነጻ የመማር መብት አለው። ትምህርቱን በመካከል ያቋረጠ ወጣት የሚረዳበት የተለየ ክፍል አለ። የእጅ ሙያ የሚወድ ተማሪም የቀኑን እኩሌታ ቶማስ ኤዲሰን በሚባለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና፣ የግንባታና የመሳሰለውን ሙያ መማር ይችላል። ከዲፕሎማው በፊት 75 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎት መሥራት ግዴታ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ ዘግይቶ ለገባ ተማሪ ሰዓቱ እንደ መጣበት ክፍል ይቀነስለታል። ከዚያ በኋላ በአነስተኛ ክፍያ የሚቀጥልበት በ1946 የተቋቋመው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አለ።

የመካከለኛይቱ ልጄ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ለመጻፍ የሚያሳፍረኝም የእርሷ ነው። 11 ዓመቷ ነበር፤ አዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ተምራ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች። በቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ሁሉ እንደገባ የእንግሊዝኛ ፈተና ይሰጠዋል። ውጤቱ መጣና፣ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ «ኢሶል» በሚሉት የእንግሊዝኛ መደገፊያ ክፍል እንድትረዳ መወሰኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። እኔም ልጄ እንደ ደካማ የተቈጠረች መስሎኝ ተቈጣሁ። ወላጅ እርዳታውን አልፈልግም የማለት መብት ስላለው፣ አልፈልግም ብዬ ፈረምሁ። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አላነበብሁትም። ልጅቱ ቀስ በቀስ ዝም እያለች ሄደች። በኖቬምበር ወር ከአስተማሪዋ ጋር ስንገናኝ፣ መምህሯ ልጅዎ መልሱን እንደምታውቅ ከጽሑፏ አያለሁ፤ ነገር ግን ሌሎቹ በፍጥነት ሲናገሩ አይገባትም፣ ለመጠየቅም ታፍራለች አለችኝ። በመጽሐፍ የተማሩት እንግሊዝኛና በዚያ አገር ልጆች አፍ የሚነገረው እንግሊዝኛ ሁለት ናቸው። ፊርማዬን በሌላ ፊርማ ሽሬ ወደ ክፍሉ አስገባኋት። ፈተናው በየዓመቱ ይደገማል፤ እርሷም በሁለተኛው ዓመት ደረጃውን አልፋ ወጣች። ይህ እርዳታ በችሮታ የሚሰጥ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝኛ ለማያውቁ ተማሪዎች ትምህርት ቤቱ እርዳታ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 ፈርዷል።

እዚህ ላይ የእኛን ልማድ ማንሣት ግድ ይሆናል። እኛ ልጃችንን ለመምህሩ አስረክበን ዝም ማለትን እንደ አክብሮት እንቈጥራለን፤ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚታየው ልጁ አጥፍቶ ሲጠራ ነው። በዚያ አገር ግን ዝም ያለ ወላጅ ደስ ያለው ወላጅ ይመስላቸዋል። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ በቃል የተነገራችሁን በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። ቋንቋው ቢያስቸግራችሁ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። አንድ ጎረቤቴ ልጁ በአምስት የትምህርት ዓይነት መውደቁ ሲነገረው፣ ልጁ «በርታ እያሉህ ነው ይላሉ» ብሎ ተርጕሞለት መምህሩን እጅ ነሥቶ አመስግኖ ተመለሰ። ልጁ የመማር ችግር ያለበት ከመሰላችሁም እንዲመረመር በጽሑፍ ልትጠይቁ ትችላላችሁ፤ ያለ እናንተ ፊርማም የመጀመሪያው ምርመራ አይጀመርም። የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ እንኳ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከስምንቱ የቦርድ አባላት አንዱ በተማሪዎች የተመረጠ ተማሪ መሆኑን ስሰማ፣ የቀድሞ አለቃዬ ቢያይ ምን ይል ነበር ብዬ ብቻዬን ሣቅሁ።

«ታዲያ ምርጫ ፈጽሞ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን በጊዜው ለጠየቀ ነው። ወንድም ወይም እኅት በሌላ ትምህርት ቤት ያለው፣ ወይም የተለየ ችግር ያለበት ልጅ የምደባ ለውጥ ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ለሚቀጥለው ዓመት በክረምታቸው መጨረሻና በጸደይ መግቢያ ነው። በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በቻይንኛ የሚያስተምሩ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች አሉ፤ ቦታውም በዕጣ ይደለደላል። በሒሳብና በሳይንስ የላቁ ተማሪዎች የሚሰበሰቡበትና «ማግኔት» የሚሉት ክፍል በሞንትጎመሪ ብሌር የተጀመረው በ1985 ነው። እነዚህን ልዩ ክፍሎች በየአካባቢው እንደ አዲስ ለማደራጀት በ2025 ሰፊ ጥናት ሲደረግ ስለነበረ፣ ከዓመታት በፊት የሄደ ዘመድ የሚነግራችሁን የድሮ አሠራር ይዛችሁ አትሂዱ፤ የዘንድሮውን ጠይቁ።

የግል ትምህርት ቤቶችም ሞልተዋል፤ የካቶሊኩም፣ የአይሁዱም፣ ከሃይማኖት ያልተያያዘውም አለ። በታወቁት ውስጥ የአንድ ልጅ የዓመት ክፍያ በአሥር ሺሖች ዶላር የሚቈጠር ስለሆነ፣ አዲስ ገቢ ከእርዳታ ገንዘብ በቀር የሚደፍረው አይደለም። በቤት ውስጥ ማስተማርም በሕግ ተፈቅዷል፤ ከ15 ቀን በፊት ለትምህርት አስተዳደሩ አስታውቆ፣ የልጁን ሥራ በየጊዜው ማሳየት ነው። ሁለቱም ወላጆች ጧትና ማታ ለሚሠሩበት ቤት ይህ ምን ያህል እንደሚሆን እናንተው ፍረዱ።

ስለ ሥራ ከተነሣ የሰዓቱን ነገር ልንገራችሁ። ሁለተኛ ደረጃው ከጧቱ 1 ሰዓት ከ45 ገደማ ተጀምሮ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያበቃል። የመጀመሪያ ደረጃው ግን የሚጀምረው በ3 ሰዓት ግድም ወይም ዘግየት ብሎ ነው፤ የሚለቀቀውም በ9 ሰዓት ተኩል ገደማ ወይም ዘግየት ብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ከሆነ፣ ይኸውም ለታናናሾቹ ከ1 ማይል፣ ለመካከለኞቹ ከ1 ማይል ተኩል፣ ለታላላቆቹ ከ2 ማይል የሚበልጥ ከሆነ፣ ቢጫው አውቶቡስ ይወስዳቸዋል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ በእግር ነው። በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው ጠባቂ ሳይኖረው ቤት ብቻውን ሊተው አይገባም። እዚህ ጎረቤት «እስክመለስ እይልኝ» እንደሚባለው ያለ ነገር እዚያ በቀላሉ አይገኝም፤ ከትምህርት በፊትና በኋላ የሚያቈይ ጠባቂ ደግሞ በገንዘብ ነው። የሥራ ሰዓታችሁን ከመቀበላችሁ በፊት ይህን አስሉት።

በመጨረሻ የመነሻችሁን ጊዜ በሚመለከት። ትምህርት ቤቶቹ የሚከፈቱት በኦገስት መጨረሻ፣ ማለት በነሐሴ 20ዎቹ ግድም ነው፤ የሚዘጉትም በጁን አጋማሽ፣ በሰኔ መጀመሪያ ነው። መስከረምን ከዘመድ ጋር አክብሬ ልሂድ የሚል ሰው ልጁ ክፍል ከተጀመረ በኋላ ይደርሳል። በሚያዝያ ወይም በግንቦት የሚሄድ ደግሞ፣ ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሆነ፣ እዚህም ዓመቱን ሳይጨርስ እዚያም ክሬዲት ሳይዝ ይቀራል። የጕዞው ቀን በእጃችሁ ከሆነ፣ ልጁ እዚህ ዓመቱን ይጨርስ፤ ውጤቱን አስፈርማችሁና አስማኅትማችሁ ተቀበሉ፤ ሐምሌ ሳያልቅ ተነሡ። በሮክቪል ያለው መቀበያ ክፍል በነሐሴ ሰው ስለሚበዛበት ቀጠሮ የምትይዙት እንደ ደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ይሁን።